ፕላዝማው ኮምቦልቻ ሲበራ

ዩኒት ሊደሩ፣ ማለት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን ሥርዓት የሚቆጣጠረው መምህር፣ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ ሲመታው፣ የመታው ፊዚክሱን እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ጣቱ ያረፈው ከገጹ አናት ላይ ነው፤ እኔው ጽፌ በቀይ እስክሪብቶ ባሰመርኩባት መስመር ላይ። «ኮምቦልቻ፣ ረቡዕ» ትላለች። በሌላ እጁ የክፍላችንን ስም መጥሪያ ይዟል። በዚያው ረቡዕ፣ በተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ትይዩ፣ ደሴ ክፍሌ ውስጥ እንደነበርኩ የሚመሰክር ምልክት አለ።

«አንዱ ይዋሻል» አለኝ። «ደብተሩ ነው መዝገቡ?»

«መዝገቡ» አልኩ።

ሌላ መልስ የጠበቀ መሰለኝ። ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ ከተተና ቆለፈ። «ነገ ወላጅ ይዘሽ ትመጫለሽ። ያለወላጅ ግቢውን እንዳትረግጪ።»

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እሱ ቢበልጠኝ በሁለት ዓመት ቢሆን ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስመዘግቡበት ዕድሜ እኔ ወላጅ አምጪ ተባልኩ።

ዘግይቼ የተማርኩት ስንፍና ይዞኝ አይደለም። ሐርቡ ሳለን እናቴ የመጨረሻዋን ልጅ ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞተችና፣ ከእኔ በታች ያሉትን ሦስቱን ይዤ ቤት ቀረሁ። ፊደል የለየሁት አባቴ ከመሠረተ ትምህርት ይዘውት ከመጡት ገበታ ነው። ከዚያ ወዲያ እጄ የገባውን ሁሉ አነብ ነበር፤ ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣ ጋዜጣ ሳይቀር፣ ቅባቱን በአመድ አድርቄ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አባቴ የስፌት መኪናቸውን ይዘው ኮምቦልቻ ወርደው የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ሲጀምሩ፣ እኔ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ድንችና ሽንኩርት ከምትሸጠው አክስቴ ዘንድ ሆኜ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ።

ስምምነታችን ቁርጥ ያለ ነበር። «አሥረኛን እስክትፈተኚ» አሉኝ አባቴ፣ «ሰው ቢያማኝም እታገሣለሁ። ካቋረጥሽ ግን ለሐርቡው ሰውዬ እሺ እለዋለሁ።» የሐርቡው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ የላከ ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን የምፈልገው ደብተሬን ነበር፤ ደብተሬ ደግሞ አሁን ተቆልፎበታል።

ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ላልነበረ ሰው ፕላዝማ ምን እንደሆነ ልንገር። በየክፍሉ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን፣ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ሰፊ ቴሌቪዥን ነበር። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣል፤ አገር ሙሉ ያለ አሥረኛ ክፍል በአንድ ደቂቃ አንድ ትምህርት ያያል። የክፍሉ መምህር ሳጥኑን ይከፍታል፣ ስም ይጠራል፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይናገራል፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ትረከበዋለች። በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም የሚሮጥ እንግሊዝኛ። ጥያቄ ትጠይቅና ጥግ ላይ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ሰባው ተማሪ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቅና «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታልፋለች።

«ማንን ነው እሷ?» ይላል አንዱ ከኋላ።

«የቦሌን ልጆች ነው፤ አንተ ምን ቤት ነህ?» ይመልስለታል ሌላው።

ቆዪ አትባል፣ ድገሚልን አትባል። ያመለጠ አመለጠ ነው። መምህሮቻችንን «ከፋች» እያልን እናማቸው ነበር። ግፍ ነው፤ የሒሳቡ መምህራችን ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ጠመኔ አንሥቶ ላቡ እስኪንጠባጠብ ያስተምረን ነበር። ፊዚክስ ግን መምህር አልነበረውም። የነበረው ገና በመስከረም ለቅቆ ሄዷል፤ በእሱ ቦታ ሳጥኑን የሚከፍትልንና ስም የሚጠራው የስፖርት መምህሩ ነው። ለእኛ ፊዚክስ ማለት ስክሪኑ ብቻ ነበር።

በዚህ ላይ መብራት በፈረቃ ሆነ።

አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። በጠፋ ቀንም ሳጥኑ ይከፈታል፤ ስም ይጠራል፤ «አቤት» እንላለን፤ ከዚያ የጨለመውን መስታወት እያየን ደወል እንጠብቃለን። የደረስንበት ምዕራፍ ኤሌክትሪክ ነበር። «መብራት ጠፍቶብን ስለ መብራት ሳንማር ልንፈተን ነው!» ብላ የወንበር ጓደኛዬ ስትስቅ አብሬያት ሳቅሁ። ብሔራዊ ፈተናው ግን የደሴን ፈረቃ አይጠይቅም።

የወንበር ጓደኛዬ የአሥራ ሰባት ዓመት የቄስ ልጅ ናት፤ ምላሷ እንደ ምላጭ። መላው ክፍል «እትዬ» ሲለኝ እሷ «እትዬ ፕላዝማ» ነው የምትለኝ፤ እጄ ከስክሪኑ እኩል ስለሚሮጥ። ሌላው ሩብ ገጽ ሲገለብጥ እኔ ጨርሼ አሰምርበታለሁ።

አንድ እሑድ አባቴን ልጠይቅ ኮምቦልቻ ወርጄ ሳለ፣ «ዓርብ ደሴ ጨለማ ነበር አሉ» አሉኝ፣ መርፌ ላይ ክር እያስገቡ። «እኛ ጋ ግን ሞተሬ ሲዘፍን ዋለ።» የስፌት መኪናቸው በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚሠራ የፈረቃውን ቀን አንድም አይስቱም። ደሴ ሲጠፋ ኮምቦልቻ ይበራል፤ ኮምቦልቻ ሲጠፋ ደሴ። እሳቸው ስለ ክሩ ጥራት ማውራት ቀጠሉ። እኔ መስማት አቁሜ ነበር። ኮምቦልቻ መብራት ካለ፣ ኮምቦልቻ ፊዚክስ አለ። ያችው መምህርት፣ ያው ትምህርት፣ በዚያው ደቂቃ።

በማግስቱ ለክፍሉ ስነግር የቄስ ልጅ ወንበር ላይ ወጣች። «ስሙ! እትዬን እንላካት! ገልብጣ ታምጣልን!»

«ስም ሲጠራስ?» አለ አንዱ።

«እኔ የት ሄጄ! ለመዝሙር የማወጣውን ቀጭኑን ድምፅ ለእትዬ ሰጥቻለሁ። የስፖርቱ መምህር እንደሆነ ከመዝገቡ ቀና አይል።»

የሚኒባሱም በሳንቲም በሳንቲም ተዋጣ።

ማሰብ ነበረብኝ። በደብተሬ ላይ የማልዋሽ ሰው ነኝ፤ የት እንደገለበጥኩ፣ በምን ቀን እንደገለበጥኩ ከገጹ አናት ሳልጽፍ አልጀምርም። በስም መጥሪያው ላይ ግን ሌላ ሰው እንዲዋሽልኝ ፈቀድኩ። ውሸቱ በእኔ እጅ ስላልተጻፈ የእኔ አልመሰለኝም።

አሥራ አንድ ቀን ሄድኩ። ጎሕ ሲቀድ ከመናኸሪያ የመጀመሪያውን ሚኒባስ እይዛለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት በጭጋግ እንወርዳለን፤ ጠመዝማዛው ላይ ከባድ መኪና ከፊታችን ከገባ ዓይኔ ከሰዓቴ አይነሣም። የአባቴ ሱቅ ከመናኸሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በዚያ አላልፍም። በቦርከና ወንዝ በኩል ዞሬ፣ ሻሼን ወደ ግንባሬ ስቤ እገባለሁ። ብነግራቸው ምን ሊሉኝ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር፤ እንዳልነግራቸው ያደረገኝም ይኸው ነው።

የደሴው ሹራባችን ቡና ዓይነት ነው፤ የኮምቦልቻዎቹ ልብስ ሰማያዊ። በመካከላቸው እንደ እድፍ እታይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የክፍሉ መምህር፣ ሽበት የጀመራቸው ሰው፣ ከኋላ ወንበር ላይ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሹራብሽ ከየት ነው?»

«ከደሴ ነኝ፣ መምህር። መብራት የለንም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ደሴ ብርዷን ስትልክብን ኖራ አሁን ደግሞ ተማሪ ላከች!» አለ አንዱ።

መምህሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ «እኔ አላየሁሽም» አሉኝ። የሳጥኑን ቁልፍ አዞሩ። «ጻፊ።»

ጻፍኩ። ጣቴ እስኪደነዝዝ ጻፍኩ። በማግስቱ ደሴ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ሥዕሎቹን ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አነበብኩላቸው። ሰው ፊት አፌን ከፍቼ የማላውቀው እኔ፣ ሰባ ሰው ፊት ቆሜ ከረንት በሽቦ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ተናገርኩ። ያልገባው «እትዬ፣ ቆዪ» ይለኛል፤ እቆያለሁ። «ድገሚው» ይለኛል፤ እደግማለሁ።

ከዚያ ደብተሬ ወደ ሌላ ክፍል ተሻገረ። እዚያ አንዱ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ከወንበር ሥር ሲገለብጥ ተያዘ፤ ደብተሩም ዩኒት ሊደሩ እጅ ገባ። አሥራ አንድ ገጽ፣ አሥራ አንድ ቀን፣ በእኔ እጅ ተጽፎ፣ በቀይ ተሰምሮበት።

ወላጅ አምጪ በተባልኩበት ቀን ከሰዓት በኋላ ለአባቴ ጎረቤት ሱቅ ስልክ ደወልኩ። አባቴ ቀረቡ።

«አባ፣ ነገ ትምህርት ቤት ይፈልጉዎታል።»

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

ሞተሩ ከወዲያ አይሰማም፤ የእነሱ ጨለማ ቀን ነበር። «እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።

በማግስቱ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ የልብስ መለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ሳይወርድ መጡ፤ ረስተውት ነው። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ዓይናቸው ሹራቤ ላይ ነበር።

ዩኒት ሊደሩ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«አባባ፣ ይህች ልጅ በትምህርት ቀን ኮምቦልቻ እርስዎ ጋ ትመጣ ነበር?»

«እኔ ጋ አልመጣችም።»

ዩኒት ሊደሩ ወደ እኔ ዞረ። የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ደብተሬን የሚያምንልኝ አንድ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ቢኖር አባቴ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከአባቴ ተደብቄያለሁ።

«እንግዲህ ይስሙ» አላቸው። «አሥራ አንድ ቀን ከክፍል ጠፍታለች። አሥራ አንዱንም ቀን አለች ተብሎ ተመዝግቧል። ደብተሯ ኮምቦልቻ ነበርኩ ይላል፤ እርስዎ አልመጣችም ይላሉ። ታዲያ የት ነበረች?»

ሦስታችንም ምን እንደተጠየቀ እናውቃለን። ሃያ አራት ዓመት የሞላት፣ ያላገባች ሴት፣ አሥራ አንድ ቀን።

«ፊዚክስ» አልኩ። «ፊዚክስ ስማር ነበር።»

አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ ደብተሩን ይስጡኝ።»

እንግሊዝኛ አያነቡም። ዐማርኛውንም የሚያነቡት ፊደል በፊደል፣ እንደ ስፌት እየነቀሱ ነው። ጣታቸውን ከገጹ አናት ላይ አድርገው «ኮ... ም... ቦ...» አሉ። ገለጡ። «ዓ... ርብ።» ገለጡ። በየገጹ ቆም ብለው ወደ ጣሪያው ያያሉ፤ የሰው ልኬት ሲያስታውሱ እንደሚያደርጉት። ዩኒት ሊደሩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳል። አሥራ አንዱንም አነበቡ።

«በእነዚህ ቀኖች ሁሉ እኛ ጋ መብራት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሞተሬ ሠርቷል።»

«ያንንማ ደሴ ቁጭ ብላም ታውቀዋለች፣ አባባ። እዚህ ሲጠፋ እዚያ ይበራል።»

«እውነትዎን ነው።» ደብተሩን ዘጉት። ወደ እኔ ሳያዩ መናገር ጀመሩ። «ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ መጣና ‘ልጅዎን እዚህ የትምህርት ቤቱ በር ስትገባ አየኋት፤ ቡና ዓይነት ሹራብ ለብሳለች’ አለኝ። ወላሂ ልጄ ደሴ ናት አልኩት። ሌላውም መጣ፤ ማልኩ። ሦስተኛዋም ጎረቤቴ ናት፤ ‘ደብተር ይዛ በወንዙ በኩል ስትሄድ’ አለችኝ፤ ለእሷም ማልኩ። የኮምቦልቻን ተማሪ ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ። በከተማው ውስጥ ቡና ዓይነት ሹራብ የለም። እየማልኩ ውስጤ ያውቀው ነበር።»

ዩኒት ሊደሩ ማንኳኳቱን ተወ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለእኔ ነው የተናገረው።

«ይህ መዝገብ ወረቀት ይመስልሻል። አንድ ቀን ሐረጎ ላይ መኪናው ቢገለበጥ፣ አባትሽ ወሬ ሰምተው ‘ልጄ የት ናት?’ ብለው እዚህ ቢመጡ፣ እኔ ይህን ገልጬ ‘ክፍሏ ናት፣ ይኸው’ ብዬ እምልላቸው ነበር።»

«እንግዲያው» አሉ አባቴ፣ «ሁለታችንንም በውሸት አስምላናለች።»

ለክስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ አልተዘጋጀሁም።

«ማነው አቤት ሲልልሽ የነበረው?» ጠየቀ ዩኒት ሊደሩ።

«አልናገርም።»

«ንገሪው እንጂ» አሉ አባቴ።

«የራሴን ጥፋት ጠይቁኝ፣ አባ።»

ዩኒት ሊደሩ በመስኮቱ ወደ ክፍላችን አየ። «ከክፍላችሁ ቀጭን ድምፅ ያላት አንዲት ልጅ ናት፤ ጠዋት ጠዋት መዝሙር ስታንጎራጉር ግቢው ሁሉ ይሰማታል። የማላውቅ ይመስላችኋል?» ማስመሪያ አውጥቶ መዝገቡን ከፈተ። አሥራ አንዱን ምልክት አንድ በአንድ ሰርዞ «ቀሪ» ብሎ ጻፈበት።

«አሥራ አምስት ቀን የቀረ ተማሪ ይሰናበታል» አለ። «የሐኪም ወረቀት ሳታመጪ በሕመም የቀረሽው ሁለት አለ። አሥራ ሦስት ሆነ። አንድ ቀን ብትቀሪ አሥራ አራት ነው፤ እሱን ዝም እላለሁ። ሁለተኛዋን ብትቀሪ ግን ደብተርሽ ወርቅ ቢሆን አላይልሽም። አባባ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

አባቴ ስማቸውን ጻፉ፤ የቁልፍ ቀዳዳ እንደሚዘመዝሙ፣ ቀስ ብለው። ደብተሬንም ዩኒት ሊደሩ መለሰልኝ።

እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው፣ «ሦስት ቀን ጾሜያለሁ» አሉኝ። «ለመሐላው። ሳታውቅ ከማልህ ግድ የለም ይላሉ፤ እኔ ግን አውቅ ነበር መሰለኝ።»

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ሄደሽ መማርሽ አላስቆጣኝም። በደጄ ማለፍ ፈርተሽ በወንዝ መዞርሽ ነው።» ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በመስኮቱ ብቅ አሉ። ሜትሩን አሁን ገና አንገታቸው ላይ አገኙትና ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። «ከሱቄ በር ሳትደርሺ ኮምቦልቻን እንዳትረግጪ። አብሽሪ።»

ለፈተናው ሰባት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በየጨለማው ቀን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ በራሴ ድምፅ «አቤት» አልኩ። ሰዓቴን አያለሁ። አሁን ኮምቦልቻ ተጀመረ። አሁን ጥያቄ ጠየቀች። አሁን «ቬሪ ጉድ» ብላ አለፈች። አባቴ ከደንበኞቻቸው ልጆች ደብተር እየተዋሱ በሚኒባስ ሾፌር ይልኩልኝ ነበር፤ ነገር ግን ስክሪኑን የሚከተል እጅ የለም። ቀመሩ ከመሐል ይቋረጣል፤ ቁጥሩ ያለመለኪያ ይቀራል። በአንዱ ደብተር አንድ ሙሉ ትምህርት ከርዕሱ ሥር «አመለጠኝ» ተብሎ ብቻ ተጽፎ አገኘሁ። በአራተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘኝ። የሐኪም ወረቀት ማምጣት ይቻል ነበር፤ ግን ስለ እኔ ማንም ዳግመኛ መዝገብ እንዲገልጥ አልፈለግሁም። ወንበሬ ላይ እየተንቀጠቀጥኩ፣ የቄስ ልጅ ጋቢዋን እየደረበችልኝ፣ አለች ተብዬ ተመዘገብኩ።

ከዚያ የስርጭቱ ፕሮግራም ተለጠፈ። የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ሙሉ ክለሳ የሚሰጠው አንድ ሐሙስ ነው። ጣታችንን አጥፈን ቆጠርን፤ ሐሙስ የእኛ ጨለማ ነው። ከዚያ ሐሙስ እስከ ፈተናው ሁለት ሳምንት ይቀራል።

«አትሂጂ» አለኝ ከኋላ የሚቀመጠው። «አንዷን ቀን ከበላሽ በኋላ ብትታመሚስ? ልትሰናበቺ ነው እኮ።»

«እትዬ፣ እኔ ደግሞ ድምፄን ላውጣ?» አለች የቄስ ልጅ በሹክሹክታ።

«ቁጥሬ ሲጠራ ዝም በይ።»

«በሥላሴ! ከሁሉ ነገር ዝም ማለት ነው የማልችለው!»

ረቡዕ ከግቢው ከመውጣቴ በፊት ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ገባሁ። «ነገ እቀራለሁ» አልኩት። «ኮምቦልቻ ነኝ።»

«ፈቃድ አልሰጥሽም።»

«ፈቃድ አልጠየቅሁም። አባቴ መጥተው ቢጠይቁዎት የት እንዳለሁ እንዲያውቁ ነው።»

በቁራጭ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጽፎ ከጠረጴዛው መስታወት ሥር አኖረው። ምን እንደጻፈ አላነበብኩም።

ሐሙስ በወንዙ በኩል አልዞርኩም። በዋናው መንገድ፣ ቡና ዓይነት ሹራቤን ለብሼ፣ ከአባቴ በር ደረስኩ። መቀሳቸውን አስቀምጠው ተነሡ። በየሱቁ በር ለቆመው ሁሉ «ልጄ ናት፤ ዛሬ እዚህ ነው የምትማር» እያሉ እስከ ትምህርት ቤቱ ወሰዱኝ፤ ያ ደንበኛቸውም፣ ያች ጎረቤታቸውም ሰሙ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ፊቴ እንደ እሳት ይነዳል። ዘበኛውን አነጋግረው እስከ ክፍሉ መስኮት መጡ። ስክሪኑ በርቶ መምህርቷ «ጉድ ሞርኒንግ» ስትል፣ ከመስኮቱ ውጭ ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱላት። ልጆቹ ሳቁ። እኔ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

መብራቱ አልጠፋም። አንድ ጊዜ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ጨለመ፤ ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ተመለሰ። አምስት ገጽ ሞላሁ። አንድ መስመር አልቀረኝም።

ስመለስ በሱቁ በኩል አለፍኩ። ሞተሩ እየሮጠ ነበር፤ አባቴ እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ።

«ሴትዮዋ ታያችኋለች?»

«አታየንም፣ አባ።»

«‘ቬሪ ጉድ’ ያለችውስ?»

«ለሁሉም እንዲያው ነው የምትለው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልኬት ሳይወስዱ ልብስ መስፋት።» ሰማያዊውን ጨርቅ ወደ መርፌው መለሱ። ከዚያ እንደገና ቀና አሉ። «አንቺ ግን ለእነዚያ ልጆች ስታነቢላቸው ታያቸዋለሽ?»

«አያቸዋለሁ።»

«በይ ሂጂ፤ መኪና ሳይመሽብሽ።»

ከዚያች ቀን ወዲያ አንድም ቀን ሳልቀር ተፈተንኩ። የሐርቡው ሰውዬ መልሱን ሳይጠብቅ ሌላ አገባ፤ አላህ ይባርክላቸው። ስለዚያ ዓመት ሳስብ ግን ቀድማ የምትመጣብኝ የዚያ ዓርብ ጠዋት ናት፤ ደሴ ክፍሌ በር ላይ የቄስ ልጅ እጄን ይዛ፣ ዓይኗ ፈጦ።

«እትዬ ሙቺ፣ ትናንት ሞቼ ነበር! የስፖርቱ መምህር ‘ሠላሳ አንድ’ አለ። ዝም። ምላሴን ነከስኩ። መቼም ከመዝገቡ ቀና ብሎ የማያውቀው ሰውዬ ቀና አላለም መሰለሽ? ‘ሠላሳ አንድ!’ አለ ደግሞ። ሰባ ሰው፣ አንድ ሰው አልሳለም። ያን ጊዜ ጻፈብሽ።»

«ቀሪ ብሎ?»

«ቀሪ ብሎ። በዓይኔ አየሁት።» እጄን ለቃ ቦርሳዬን ያዘች። «በይ አሁን አምጪው። ሁሉም ቁርሱን ሳይበላ ነው የመጣው።»

ደብተሩን አወጣሁ። ከገጹ አናት «ኮምቦልቻ፣ ሐሙስ» ይላል፤ በቀይ ተሰምሮበታል። ጠመኔ አነሣሁ።